ርዕሰ ብሔርነት በኢትዮጵያ፦ ከዘውድ ወደ ፕሬዚዳንት

በአሁኑ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ፕሬዚዳንቱ ነው። አንቀጽ 69 ይህን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል፤ ተከታዮቹ ሁለት አንቀጾች ደግሞ ፕሬዚዳንቱ እንዴት እንደሚመረጥና ምን ምን እንደሚሠራ ይዘረዝራሉ። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነትና የካቢኔ ምሥረታ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ እነዚህ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ስሙን ለአንዱ፣ ሥልጣኑን ለሌላው የሚሰጠው ይህ አደረጃጀት ብዙውን ጊዜ በ1987 ዓ.ም. ከውጭ የተቀዳ አዲስ ነገር ተደርጎ ይታያል። ከውጭ መቀዳቱ እውነት ነው፤ አዲስነቱ ግን ያጠራጥራል። ኢትዮጵያ ባለፉት 250 ዓመታት ሥልጣን ያለውንም የሌለውንም ንጉሥ፣ ሥልጣን ያለውንም የሌለውንም ፕሬዚዳንት አይታለች። ለርዕሰ ብሔርነት ንጉሥ ይሻላል ወይስ ተመራጭ ፕሬዚዳንት የሚለው ጥያቄ በዚህች አገር መልስ የሚፈለግለት ከዚህ ታሪክ ውስጥ ነው።

የዘውዱ ሥርዓት የቆመው በዘርና በቅባት ነበር። ይኩኖ አምላክ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሡበት ጊዜ ጀምሮ ነገሥታቱ ሐረጋቸውን ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥሩ ነበር፤ ክብረ ነገሥትም የዚህ የዘር ሐረግ ዋና ምስክር ሆኖ ኖሯል። ዘሩ ያለው ሰው ንጉሥነቱ የሚጸናለት ቅብዐ መንግሥት ሲቀባ ነው። የሥርዓቱ ጉድለት ከነጋሢው ልጆችና ወንድሞች መካከል ማን እንደሚወርስ ቁርጥ ያለ ደንብ አለመኖሩ ነበር። ተፎካካሪ እንዳይበዛ ወንዶቹ የነጋሢ ዘሮች በአምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ አምባ በጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከአምባው አንዱን አውርደው ያነግሡታል። ዘዴው ዘሩን ከመጥፋት ጠብቆታል፤ ግን ንጉሡን የአንጋሾቹ ባለዕዳ አድርጎታል።

ዕዳው በዘመነ መሳፍንት ተከፈለ። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ሌላ ካነገሡ በኋላ፣ በጎንደር የሚቀመጠው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋኑ በቀር ምንም የሌለው ሰው ሆነ። ጦሩን የሚያዘው፣ ግብሩን የሚሰበስበውና ሹመቱን የሚሰጠው የራስነት ማዕረግ ያለው መስፍን ነበር። የየጁ መሳፍንት መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ላይ አድርገው ለብዙ ዓመታት በዚህ መንገድ አገር አስተዳደሩ። አንዱ ራስ ሲያሸንፍ የነበረው ንጉሥ ይወርድና ሌላ ይወጣል፤ የወረደውም ቀን ሲወጣለት ይመለሳል። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል። በታሪክ የቀረላቸው ቅጽል «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የንጉሥ ወግ እንጂ መንግሥት አልቀረም ለማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ራሶቹ ይህን ሁሉ ጉልበት ይዘው ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት አላሉም። የሰሎሞን ዘር አይደሉምና ቢቀቡ የሚቀበላቸው እንደማይኖር ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጎንደር ላይ ዘር ያለው ሰው አስቀምጠው በስሙ ይገዙ ነበር። ሥልጣን የሌለው ርዕሰ ብሔር የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አይገኝም፤ ጉልበት ያለው ሰው የማይኖረውን ሕጋዊነት ያበድረዋል። እንዲህ ያለው ርዕሰ ብሔር የሚጎድለውም እዚያው ይታያል። የጎንደር ንጉሥ በራሶቹ መካከል ጠብ ሲነሣ ዳኛ መሆን አልቻለም፤ ከጠበኞቹ የአንዱ ሰው ነበርና።

ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ የየጁውን ራስ ዓሊን ድል ካደረጉ በኋላ ሌላ አሻንጉሊት ንጉሥ አልፈለጉም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኑ፤ ስምና ሥልጣንም እንደገና በአንድ ሰው ላይ ዋሉ። እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ እንዲሁ ቀጠለ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ከዚያ በኋላ ሕመም ጸንቶባቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ግን፣ ንጉሡ በሕይወት እያለ መንግሥቱን ማን ይመራዋል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ለዚህም የተዘጋጀ መልስ አልነበረም።

የተገኘው መልስ ከምኒልክ ሞት በኋላ የመጣ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና አቡነ ማቴዎስ የምኒልክን ወራሽ ልጅ ኢያሱን ከአልጋ ሲያወርዱ፣ የዋለው ውሳኔ ዘውዱን ከመንግሥቱ ሥራ የከፈለ ነበር፦ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ። ንግሥቲቱ ዘሩንና ክብሩን፣ አልጋ ወራሹ የውጭ ግንኙነቱንና የዕለት አስተዳደሩን ያዙ። ዝግጅቱ የተጻፈ ሕግ አልነበረውም፤ ሚዛኑን የጠበቁት ሰዎች ነበሩ፤ ከሁሉ በላይ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በዚህ ዘመን ነው። በ1919 ዓ.ም. ሀብተ ጊዮርጊስ ሲሞቱ ሚዛኑ ፈረሰ። ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ንግሥቲቱ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ ደግሞ ዘውዱና ሥራው አንድ ላይ ተጠቃለለ። የተጻፈ ሕግ የሌለው ክፍፍል ሰዎቹ እስካሉ ድረስ ብቻ እንደሚኖር እነዚህ 14 ዓመታት አሳይተዋል።

የተጻፈው ሕግ ብዙም አልዘገየም። ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ አርአያው የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። 55 አንቀጾች ነበሩት። ሰነዱ ርዕሰ ብሔሩን አልገደበውም፤ ይልቁንም ቀድሞ በልማድ የነበረውን በሕግ ቋንቋ አጸናው። ዘውዱ ከኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ደነገገ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዘራቸውና በተቀቡት ቅባት ምክንያት አካላቸው የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይገሰስ፣ ሥልጣናቸው የማይነካ ነው አለ። በጎንደር ዘመን ሕጋዊነት ብቻ የነበረው ዘርና ቅባት እዚህ ላይ የፍጹም ሥልጣን ምንጭ ሆነ።

በ25ኛው የዘውድ በዓል፣ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። 131 አንቀጾች ያሉት ይህ ሰነድ የሕዝብ እንደራሴዎች በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ፤ ሴናተሮቹን ግን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትና የሚሽሩት፣ ምክር ቤቱንም ለመበተን የሚችሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቁም ነገር ግን ነበረው። ለዘመናት ደንብ ያልነበረው የአልጋ ውርስ በዝርዝር ተጻፈለት፤ ማን እንደሚወርስ፣ ወራሹ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ማን እንደሚጠብቅለት ተወሰነ። በዚያ ደንብ ዙፋን የወረሰ ሰው ግን አንድም የለም።

ዘውዱን ሳያጠፉ ሥልጣኑን የመውሰድ ሐሳብ በአደባባይ የተሰማው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ውጭ አገር ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ ቀርበው እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሕዝቡን ለማገልገል መቀበላቸውን የሚገልጽ መግለጫ አነበቡ። ንጉሥ በደመወዝ! ለሰሚው ጆሮ እንግዳ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው የተሰየሙት ራስ እምሩ ነበሩ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ አልጋ ወራሹም መግለጫውን ያነበቡት ተገደው ነው ተብሎ ታለፉ።

ከ14 ዓመት በኋላ እኒሁ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ተጠሩ። የየካቲት 1966 ዓ.ም. ንቅናቄ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ካቢኔ ከጣለ በኋላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤት ተጠሪ የሚያደርግ አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲረቀቅ ተወስኖ ነበር። ረቂቁ በክረምቱ ተጠናቀቀ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚያስተዳድረው ግን ለምክር ቤት የሚጠየቅ መንግሥት ይሆናል የሚል ነበር አካሄዱ። የወታደሮቹ ኮሚቴ ደርግ ግን ረቂቁን ወደ ጎን ተወው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሻለቃ ደበላ ዲንሳ የመውረጃውን ቃል ለንጉሠ ነገሥቱ አነበቡላቸው፤ ከዚያም በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ መቀመጫ ተጭነው ከግቢው ወጡ።

ስለ ዙፋኑ የታወጀው ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ደርግ በዚያው ቀን ባወጣው አዋጅ ዘውዱን አልሻረም። ሕገ መንግሥቱን አግዶ፣ ምክር ቤቱን በትኖ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የኢትዮጵያ ንጉሥ እንዲሆኑ ወሰነ። ዘውድ የሚጭኑት ከውጭ ሲመለሱ ነው፤ ርዕሰ ብሔር ይሆናሉ፤ በአገሪቱ አስተዳደርና ፖለቲካ ግን ምንም ሥልጣን አይኖራቸውም። «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ማዕረግ በ«ንጉሥ» ተተካ። አስፋ ወሰን በዚያ ጊዜ በጠና ታመው በአውሮፓ በሕክምና ላይ ነበሩ፤ ጥሪውን ተቀብለው አልመጡም። ከስድስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዘውዱም ሹመቱም በአዋጅ ተሰረዙ። በወረቀት ላይ ብቻ የኖረው ይህ ሥልጣን የለሽ ንግሥና፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከመጣው ፕሬዚዳንትነት ጋር በአንቀጽ ደረጃ ሲተያይ የሚገርም መመሳሰል አለው። አስፋ ወሰን በ1981 ዓ.ም. ለንደን ላይ አምኃ ሥላሴ በሚል ስም ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን አወጁ፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያ በስደት ሳሉ በጥር 1989 ዓ.ም. አረፉ።

ዓመቱ 1967 በሌሎች አገሮችም ያው ጥያቄ የተወሰነበት ነበር። ግሪኮች ኅዳር 29 ቀን በሕዝበ ውሳኔ ንግሥናን አስወገዱ፤ ከመራጮቹ 69 በመቶ ያህሉ ሪፐብሊክን መረጡ፤ ከዚያ ወዲህ ርዕሰ ብሔራቸውን የሚመርጠው ምክር ቤታቸው ነው። ስዊድኖች በበኩላቸው ንጉሣቸውን አስቀሩ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት ግን ጠቅላይ ሚኒስትር የማጨት ተግባር ከንጉሡ ተወስዶ ለአፈ ጉባኤው ተሰጠ። የስዊድን ንጉሥ ሕግ እንኳ አይፈርምም። ስፔን በቀጣዩ ዓመት ከአምባገነን አገዛዝ ወደ ንግሥና ተመለሰች፤ ንጉሡ ሁዋን ካርሎስ በየካቲት 1973 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የጦር ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ቀርበው ጦሩ ከሕገ መንግሥቱ ጎን እንዲቆም አዘዙ፤ ሙከራውም ከሸፈ። ሦስቱም አገሮች በየራሳቸው መንገድ ሄደው ዴሞክራሲያዊ መንግሥት አቆሙ። ንግሥናን መጠበቅም ሆነ መተው ብቻውን ውጤቱን እንደማይወስን ከዚህ ይታያል። በኢትዮጵያ ችግሩ ዘውዱ መነሣቱ አልነበረም፤ በምትኩ ርዕሰ ብሔርነቱን የያዘው ኮሚቴ መሆኑ ነው።

ደርግ ርዕሰ ብሔርነቱን በጋራ ያዝኩ አለ፤ በተግባር ግን የሊቀ መንበሩ ሆነ። ሊቀ መንበር መለወጫ ሥርዓት ደግሞ አልነበረም። የመጀመሪያው ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ቤታቸው ውስጥ በተከፈተ ተኩስ ሞቱ። ሁለተኛው ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ሦስተኛው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም 14 ዓመት ቆዩ። ልጅ ኢያሱን ለማውረድ ቢያንስ የመኳንንት ጉባኤና የጳጳስ ቃል አስፈልጎ ነበር፤ በደርግ ዘመን ጥይት በቃ።

ኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሚባል ርዕሰ ብሔር ያገኘችው በ1979 ዓ.ም. ነው። 343 አባላት ያሉት ኮሚሽን ያረቀቀው ሕገ መንግሥት በጥር ወር ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ 81 በመቶ ድጋፍ አገኘ ተባለ። በዓመቱ መጨረሻ የተሰበሰበው ብሔራዊ ሸንጎ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን አውጆ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ምክር ቤቱ ሰብሳቢና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነበሩ፤ ከዚህ ጋር የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ ዋና ጸሐፊ። ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፤ ከእሳቸው በታች። ምርጫ ተባለ እንጂ ተወዳዳሪ አልነበረም። የ1948ቱ ንጉሠ ነገሥትና የ1979ኙ ፕሬዚዳንት ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ሁለተኛው የሚለየው ቅባቱን በፓርቲ መተካቱ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ አገር ጥለው ሲሸሹ ቦታውን የያዙት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን አንድ ሳምንት ሳይሞላቸው ኢጣሊያ ኤምባሲ ገቡ፤ በ1996 ዓ.ም. እስኪሞቱም ከዚያ ግቢ አልወጡም።

በሐምሌ 1983 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ቻርተር ርዕሰ ብሔርነቱን ለተወካዮች ምክር ቤት ሰብሳቢ ሰጠ። ቦታው የመለስ ዜናዊ ነበር፤ ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ለአራት ዓመታት ዋናው ሰው ፕሬዚዳንት ይባሉ ነበር። በክፍሌ ወዳጆ የሚመራው የሕገ መንግሥት ኮሚሽን ሥራውን ሲጀምር ግን ዝንባሌው ወደ ፓርላሜንታዊ ሥርዓት ሆነ። የመንግሥቱ ፕሬዚዳንትነት ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ከዚያም ባሻገር፣ ብሔር ብሔረሰቦችን የሥልጣን ባለቤት አድርጎ በሚነሣ ሰነድ ውስጥ አንድ ሰው በቀጥታ በአገር ደረጃ የሚመረጥበት ጠንካራ ወንበር ማስቀመጥ አይገጥምም ነበር። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን ሥራ ላይ ሲውል፣ መለስ ከፕሬዚዳንትነት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተሻገሩ። ሥልጣኑም አብሯቸው ተሻገረ።

በአዲሱ ድንጋጌ እጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። የምክር ቤት አባል ከሆነ ወንበሩን ይለቃል። ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከምክር ቤቱ የአምስት ዓመት ዘመን ሆን ተብሎ የተለየ ይመስላል፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ሁለት ሦስተኛ የተባለው ከፍ ያለ ድምፅ ተፎካካሪ ፓርቲዎች በአንድ ሰው እንዲስማሙ ያስገድዳል የሚል ግምት አለበት። አንድ ግንባር ወይም አንድ ፓርቲ ከዚያ በላይ ወንበር በያዘባቸው ምክር ቤቶች ውስጥ ግን ግምቱ ሳይፈተን ቀርቷል።

በዚህ መንገድ እስካሁን አምስት ሰዎች ተመርጠዋል። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በነሐሴ 1987፣ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በመስከረም 1994፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ በመስከረም 2006፣ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011፣ ታዬ አጽቀ ሥላሴ በመስከረም 2017 ዓ.ም.። ሁለት ዘመን የቆዩት ግርማ ብቻ ናቸው። እሳቸው ሲመረጡ ዕድሜያቸው ከ75 አልፎ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉ ሰው በመሆናቸው በሕይወት ታሪካቸው ሁለቱን ሥርዓቶች ያገናኛሉ። ሙላቱ፣ ሣህለ ወርቅና ታዬ ከዲፕሎማሲው የመጡ ናቸው። ሣህለ ወርቅ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናቸው፤ በርዕሰ ብሔርነት ግን ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ቀድመዋቸዋል።

የፕሬዚዳንቱ የዓመት ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ፕሬዚዳንቱ የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩ የመንግሥት የዓመቱ ዕቅድ ነው፤ ከዚያ በድጋፍ ሞሽን መልክ ለውይይት ይቀርባል፤ ለጥያቄዎቹ መልስ የሚሰጡት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ተናጋሪው አንድ፣ ተጠያቂው ሌላ። ኃይለ ሥላሴ የዙፋን ንግግር ሲያሰሙ የሚናገሩት የራሳቸውን መንግሥት ዕቅድ ነበር፤ የአሁኑ አሠራር ግን ለብሪታንያው የዘውድ ንግግር ይቀርባል። አምባሳደሮች የሹመት ደብዳቤያቸውን የሚያቀርቡት ለፕሬዚዳንቱ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱ የሚደረገው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ ያኔ ኢዮቤልዩ ይባል በነበረውና ቮልስዋገኗ በወጣችበት በዚያው ግቢ ነው።

በምክር ቤት የጸደቀ ሕግ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው በፕሬዚዳንቱ ስምና ፊርማ ነው። ጋዜጣው ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ነው፤ ያኔ ሕጉ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይወጣ ነበር። ልዩነቱ በአንቀጽ 57 ላይ ነው። ፕሬዚዳንቱ የቀረበላቸውን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ መፈረም አለባቸው፤ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። ሕገ መንግሥቱ ለፊርማው ክብር ሰጠ፤ ብዕሩ ግን ሕጉን ማገድ አይችልም።

ይቅርታ የመስጠት ሥልጣን ከሌሎቹ ይልቅ ሕዝብ ዓይን ውስጥ የገባ ነው። ከ1996 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ ጥያቄውን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርበው የይቅርታ ቦርድ ሲሆን፣ ይቅርታውን የሚሰጡት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ከምርጫ 97 በኋላ የተፈረደባቸው የቅንጅት አመራሮች በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የተፈቱት በዚህ መንገድ ነው። ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ግርማ የሃይማኖት መሪዎች ያቀረቡትን ልመና ተከትሎ በቀድሞ የደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተወሰነውን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። ሁለቱም ውሳኔዎች መንግሥት ያልፈለጋቸው አልነበሩም። የተፈጸሙት በዕለቱ የፓርቲ ኃላፊ በሆነ ሰው ሳይሆን በርዕሰ ብሔር ስም መሆኑ ግን ለተቀባዩም ለተበዳዩም ክብደት ነበረው፤ ለዚህ ዓይነት ተግባር የተለየ ወንበር ማስፈለጉም እዚህ ላይ ይታያል።

የተቋሙ ከባድ ፈተና የመጣው በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጊዜ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ ዶክተር ነጋሶ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተጋጩ፤ ከፓርቲያቸው ከኦሕዴድና ከገዢው ግንባር ከኢሕአዴግም ተለዩ። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንትን ከዘመኑ በፊት የማንሣት ሥርዓት በግልጽ አላስቀመጠም። በመሆኑም የገዢው ግንባር ድጋፍ የሌላቸው ፕሬዚዳንት እስከ መስከረም 1994 ዓ.ም. ዘመናቸውን ጨረሱ። በዚያው መስከረም ስለ ፕሬዚዳንቱ አስተዳደር የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 ተሰናባች ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ርቆ እንዲኖር የሚጠይቅ ሆነ። ነጋሶ በ1997 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው የምክር ቤት ወንበር አሸነፉ፤ በአዋጁ የተፈቀዱላቸውን ጥቅማ ጥቅሞችም አጡ። ርዕሰ ብሔር ከወገንተኝነት እንዲርቅ መጠየቁ ተገቢ ነው። የሚያስተዛዝበው፣ ገለልተኝነቱ በሕግ አጽንዖት የተሰጠው በአመራረጡ ላይ ሳይሆን ከወንበሩ በሚነሣበት ጊዜ መሆኑ ነው።

የዘውድ ደጋፊዎች በአገር ውስጥም በውጭም የሚያነሡት ዋና ነጥብ ንጉሥ የማንም ፓርቲ እጩ አይደለም የሚል ነው። በስዊድንና በስፔን ነጥቡ ያስኬዳል። የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ብዙም አያግዘውም፤ የጎንደር ነገሥታት የራሶች እጩ ነበሩ፤ ዘውዲቱ የመኳንንቱ፤ አስፋ ወሰንም ሁለት ጊዜ የወታደሮች። በዙፋን ላይ የሚቀመጠው ሰው ገለልተኛ የሚሆነው አንጋሽ ከሌለው ነው፤ አንጋሽ የሌለው ንጉሥ ደግሞ በኢትዮጵያ ሁልጊዜ ራሱ ገዢ ሆኖ ተገኝቷል። ለተመራጭ ፕሬዚዳንት የሚቀርበው ክርክር ከዚህ የተሻለ መሠረት አለው፤ ሕዝብ ወይም ወኪሎቹ መርጠውታል፤ ዘመኑም ያልቃል። ጉድለቱ መራጩ አንድ ፓርቲ ሲሆን ተመራጩ የዚያው ፓርቲ ሿሚነት ጥላ ሥር መዋሉ ነው።

አንድ ነገር ግን ለፕሬዚዳንትነቱ ይቆጠርለታል። ልጅ ኢያሱ በእስር ላይ ሞቱ፤ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በደርግ እጅ ሳሉ ሞቱ፤ ከደርግ ሊቃነ መናብርት ሁለቱ ተገደሉ፤ ሦስተኛው ተሰደዱ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ግን ወንበሩን የለቀቁት አራቱም ፕሬዚዳንቶች በዘመናቸው ማብቂያ ወይም በፈቃዳቸው ወርደው እንደ ማንኛውም ዜጋ ኖረዋል። ነጋሶ በኋላ የአንድነት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ሙላቱ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ዘመናቸው ሳያልቅ መልቀቂያ አስገብተው ወጡ፤ ሣህለ ወርቅ ስድስት ዓመታቸውን ጨርሰው ቦታቸውን አስረከቡ። በኢትዮጵያ ርዕሰ ብሔር ያለ ደም መተካት የተለመደ ነገር የሆነው በዚህ ወንበር ላይ ነው። በእርግጥ ወንበሩ ሰው የማይጋደልበት የሆነው ብዙ ሥልጣን ስለሌለው ነው የሚል ሰው አይሳሳትም።

ሥልጣን ጭራሽ የለውም ማለት ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 60 አንድ ተጠባባቂ ሚና ትቶለታል፤ በጣምራ የተመሠረተ መንግሥት ጣምራው ፈርሶ በምክር ቤቱ አብላጫውን ሲያጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ ይችላል፤ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። የጀርመንና የጣሊያን ፕሬዚዳንቶች ክብደት የሚያገኙት እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ በኅዳር 2004 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጆርጆ ናፖሊታኖ ቤርሉስኮኒ ሲለቁ ማሪዮ ሞንቲን ሾመው አገራቸው ከገባችበት የፖለቲካ ቀውስ መውጫ ያበጁት በዚሁ ሚና ነበር። በኢትዮጵያ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ አብላጫውን አጥቶ የፈረሰ ጣምራ መንግሥት ስላልነበረ፣ አንቀጹ ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው ይህ ሥልጣን እስካሁን አንድ ጊዜም በሥራ ላይ አልዋለም።